የቅመም ተራው ጤና አዳም ለምን አልበቀለም?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። አያት ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው የምኖረው። መርካቶ ቅመም ተራ ለበርበሬ ከገዛሁት የጤና አዳም ፍሬ ተርፎኝ በረንዳዬ ላይ ዘራሁት። ፍሬውን እንዳለ አንድ ጣት ያህል ቀበርኩት። ወር ሊሞላው ነው፣ ምንም የለም። እናቴ ጓሮ ግን ሳይዘራ ይበቅላል። ምን አጠፋሁ? ከበቀለስ መቼ ይቆረጣል? አበባውስ ይበላል? ደግሞ ቅዳሜ እናቴ ጋ ሄጄ ቁጥቋጦውን ስከረክምላት ውዬ፣ ሰኞ ክንዴ ውኃ ቋጠረ። አለርጂ ይሆን? የ3 ወር ልጅም አለኝ። አማቴ ለሆድ ቁርጠቱ ጭማቂውን በማንኪያ እንስጠው ይላሉ። አመሰግናለሁ።

መልስ፦ እህቴ፣ ከመጨረሻው ልጀምር። የቀረው ሁሉ ይደርሳል፣ ይኼ ግን ለነገ አይባልም። ለልጅሽ እንዳትሰጪው።

የ3 ወር ሕፃን ከጡት ወተት በቀር ውኃ እንኳ አያስፈልገውም። የዓለም ጤና ድርጅትም ሆነ የሰፈርሽ ጤና ጣቢያ የሚሉት አንድ ነው፤ እስከ 6 ወር ጡት ብቻ። ጤና አዳም ደግሞ ኃይለኛ ተክል ነው። ሲበዛ ጨጓራ ያስቆጣል፣ ጉበትና ኩላሊትም ይጎዳል። ለትልቅ ሰው ቡና ላይ ጣል የምትደረግ አንዲት ቅንጣቢ ሌላ ነገር ናት። ተጨምቆ በማንኪያ የሚሰጥ ጭማቂ ሌላ ነው። ጭማቂው ውስጥ ምን ያህል እንዳለ ማንም አያውቅም፤ ልጁ ደግሞ ገና ጥቂት ኪሎ ነው። አማትሽ በክፋት እንዳላሉት ግልጽ ነው። እሳቸውም ያዩት እንዲህ ነው። በረጋ መንፈስ አስረጂያቸው፤ ካስፈለገም ለክትባት ስትሄጂ ይዘሻቸው ሂጂና ከነርሷ አፍ ይስሙ። ልጁ ትኩሳት ካለው፣ ካስመለሰው ወይም ጡት እምቢ ካለ ግን ቀጠሮ ሳትጠብቂ ውሰጂው።

አንቺም እያጠባሽ ስለሆነ ቅጠሉን አፍልተሽ መጠጣቱ ለጊዜው ይቅርብሽ። ነፍሰ ጡር የሆነች ሴት ደግሞ ጨርሶ ትተወው። ይኼ ተክል ማሕፀንን ያኮማትራል። ድሮ ጽንስ ለማስወረድ ይጠጡት የነበረው በከንቱ አይደለም፣ በዚያ መንገድ የተጎዱም ጥቂት አይደሉም። ይህን ያህል ካልኩ ወደ ሌላው ልለፍ።

የክንድሽ ነገር በትክክለኛ ስሙ አለርጂ አይደለም። አለርጂ የአንዳንድ ሰው ገላ ብቻ የሚያደርገው ነው። ይኼ ግን ማንንም ሊይዝ ይችላል። የጤና አዳም ቅጠልና ግንድ ውስጥ ፉራኖኩማሪን የሚባሉ ንጥረ ነገሮች አሉ። ፈሳሹ ቆዳ ላይ ብቻውን ብዙ አያደርግም። ፀሐይ ሲመታው ግን ቆዳውን ያቃጥላል። ክፋቱ ወዲያው አለመታወቁ ነው። ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ቆይቶ ይቀላል፣ ያሳክካል፣ ውኃ ይቋጥራል። ቅዳሜ ከርክመሽ ሰኞ መውጣቱ ልክ በወጉ ነው። ሎሚ በእጁ ሲጨምቅ ቆይቶ ፀሐይ ላይ የዋለ ሰውም እንዲሁ ይሆናል። ሁለቱ ተክሎች ዘመዳሞች ናቸው።

ውኃ የቋጠረውን አታፍርጪው። በንጹሕ ውኃና ሳሙና ታጠቢው፣ ከፀሐይ ሸፍኚው። እየሰፋ ወይም መግል እየያዘ ከሄደ ሐኪም ይየው። ሲድን ቡናማ ምልክት ይተዋል፤ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ይቆያል። አትደንግጪ፣ ይጠፋል። ለሚቀጥለው ግን ስትከረክሚ እጅጌው ረጅም ልብስና ጓንት አድርጊ። ሰዓቱንም ወደ አመሻሽ አድርጊው። ስትጨርሺ ወዲያው ታጠቢ። ለቡዳ ተብሎ የልጅ አንገት ላይ ቅጠሉን ማሰር የሚወዱ አሉ። እምነቱን እንደየቤቱ እተዋለሁ፤ በላብ የራሰ የሕፃን አንገት ላይ ታስሮ ፀሐይ ላይ መዋሉ ግን ቁስል ነው የሚያመጣው።

አሁን ወደ ዘሩ።

አንድ ጥፋት ብቻ ቢሆን ኖሮ ጥቂት እንኳ ይበቅልልሽ ነበር። አንቺ ጋ ሁለት ተገናኙ። የመጀመሪያው ከዘሩ ነው። ቅመም ተራ የሚሸጠው የጤና አዳም ፍሬ ለበርበሬ እንጂ ለዘር ተብሎ የተለቀመ አይደለም። ለበርበሬ የሚፈለገው ጠረኑ ነው። ጠረኑ ኃይለኛ የሚሆነው ደግሞ ፍሬው ገና አረንጓዴ ሳለ ነው። ስለዚህ ብዙውን ጊዜ ሳይበስል ይቀጠፋል። ውስጡ ያለው ዘር አልጠነከረም። ከዚያ ቆርቆሮ ጣራ ላይ ወይም ሸራ ላይ በጠራራ ፀሐይ ይደርቃል፣ ጆንያ ውስጥ ይከርማል። ስንት ጊዜ እንደቆየ ነጋዴውም ላያውቀው ይችላል። አንዳንዱ ቤት ደግሞ ገዝቶ ካመጣ በኋላ ሞቅ አድርጎ ያምሰዋል። የታመሰ ዘር አይበቅልም፣ አለቀ።

ሁለተኛው አቀባበሩ ነው። የጤና አዳም ዘር ደቃቅ ነው፤ ርዝመቱ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ቢሆን ነው። በአንድ ጣት አፈር ሥር የተቀበረ ይህን የሚያክል ዘር ብርሃን አያገኝም፤ ቢነቃ እንኳ ወደ ላይ ለመውጣት የሚበቃ ስንቅ የለውም። በዚያ ላይ ፍሬውን ሳትሰብሪ ነው የቀበርሽው። እናትሽ ጓሮ ሳይዘራ የሚበቅለው እኮ ለዚህ ነው። ፍሬው ግንዱ ላይ እንዳለ ይበስላል፣ ጫፉ ይከፈታል፣ ዘሩ መሬት ላይ ይረግፋል። ማንም አይቀብረውም። ዝናብ በትንሹ ወደ አፈር ያስጠጋዋል፣ በቃ።

ስለዚህ መፍትሔው ከእናትሽ ጓሮ ነው ያለው። ገበያ አትሂጂ። ቁጥቋጦው ላይ ፍሬ የያዘ ዘለላ ፈልጊ። ፍሬው አራት፣ አልፎ አልፎ አምስት ጉብ ጉብ ያለ ክፍል አለው። አረንጓዴውን እለፊው። ወደ ቡናማ የዞረውንና ጫፉ ላይ መሰንጠቅ የጀመረውን ምረጪ። ዘለላውን ከነግንዱ ቁረጪና ወረቀት ከረጢት ውስጥ ዘቅዝቀሽ ጥላ ቦታ ስቀዪው። ፌስታል አይሆንም፣ ያልበዋል፣ ይሻግታል። ከሳምንት በኋላ ከረጢቱን ስትነቀንቂው ዘሩ ይረግፋል። ጥሩው ዘር ጥቁር ወይም ወደ ጥቁር የሚጠጋ፣ ጎበጥ ያለ፣ ላዩ ሻካራ ነው። ገርጣ ያለውንና ሲነኩት የሚደቅቀውን ንፊና ጣዪው።

ዘሩን ከተጠራጠርሽ ቀላል መፈተኛ አለ። 10 ፍሬ ዘር ቆጥረሽ በረጠበ ሶፍት ላይ አድርጊ፣ ክዳን ባለው ዕቃ ውስጥ አስቀምጪው። ሶፍቱ እንዳይደርቅ፣ ውኃም እንዳይተኛበት። በሦስት ሳምንት ውስጥ ግማሹ ነጭ ሥር ካወጣ ዘርሽ ደህና ነው። ሁለት ሦስት ብቻ ከሆነ ጥቅጥቅ አድርገሽ ዝሪው። ምንም ከሌለ አፈርሽን አታድክሚ።

አፈር ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ጤና አዳምን ከሁሉ በላይ የሚገድለው እሱ ነው። ይኼ ተክል የመጣው ከሜዲትራኒያን ባሕር ዙሪያ ነው። ድንጋያማ፣ ኖራ ያለበት፣ ቶሎ የሚደርቅ ተዳፋት ነው አገሩ። ክረምቱን ሙሉ ውኃ ላይ መቆምን አያውቅም። በአዲስ አበባ ምሥራቅና ደቡብ በኩል ያለው ጥቁሩ መረሬ አፈር ደግሞ ተቃራኒው ነው። ሲረጥብ ይላቁጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ሥር ያንቃል። ከግንባታ የተረፈ ጥቁር አፈር ከግቢው አውጥተሽ ሞልተሽ ከሆነ ያንን ድፊው።

ለበረንዳ እኔ የምመክረው ሁለት እጅ ቀይ አፈር፣ አንድ እጅ የወንዝ አሸዋ፣ አንድ እጅ በደንብ የበሰበሰ ኮምፖስት ነው። ትኩስ ፍግ አታግቢ። ካለሽ አንድ እፍኝ የማገዶ አመድ ጣል አድርጊበት፤ ቀይ አፈር ወደ መኮምጠጡ ስለሚያደላ አመዱ ያለዝበዋል። ከዚህ ሌላ ማዳበሪያ አያስፈልግም። ዩሪያ የሚነፉበት አሉ። ቅጠሉ ይንዠረገጋል፣ ዓይን ይሞላል፤ ጠረኑ ግን ይቀንሳል፣ ግንዱም ይልፈሰፈሳል። ጤና አዳም ትንሽ ሲቸገር ነው የሚሸተው።

ለዘር መዝሪያ የእንቁላል ካርቶን፣ የእርጎ ኩባያ፣ የተቆረጠ ሃይላንድ፣ ያገኘሽው ይሆናል። ሥሩን ብሺው። አፈሩን ሞልተሽ በመጀመሪያ ውኃ አጠጪውና ይንጠፍጠፍ። ከዚያ ዘሩን ላዩ ላይ በትኚ። በመዳፍሽ ጫን አድርጊው። ከፈለግሽ አሸዋ በወንፊት ነፍተሽ ዘሩ በከፊል እስኪታይ ድረስ ብቻ አልብሺው። ከዚህ በኋላ በባልዲ ውኃ የሚባል ነገር የለም። በመርጫ፣ በየቀኑ፣ ላዩ ርጥብ እስኪል። ውኃ ከላይ ከደፋሽበት ዘሩ ሁሉ ወደ አንድ ጥግ ይሰበሰባል።

ሞቅ ያለ ቦታ ይፈልጋል፤ 20 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን ደስ ይለዋል። በዚህ ሙቀት ከ10 ቀን እስከ ሦስት ሳምንት ውስጥ መውጣት ይጀምራል። የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ሲቀዘቅዝ ወር ሊፈጅ ይችላል፣ አትቸኩይ። ቀን በረንዳ፣ ማታ ቤት ውስጥ ብታደርጊው ያፈጥነዋል። ማታ ለብ ባለ ውኃ ዘፍዝፎ ማሳደርም አለ። አይጎዳም፣ ግን ካልዘፈዘፍሽ አይበቅልም የሚሉሽን አትስሚ።

መቼ ይዘራ ለሚለው፣ ለአዲስ አበባ ምርጫዬ መስከረም ነው። ዝናቡ ያቆማል፣ ፀሐይ ይመለሳል፣ ችግኙ እስከሚቀጥለው ክረምት ጠንካራ ግንድ ይሠራል። ጥርና የካቲትም ደህና ናቸው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ግን አትሞክሪ። ደመናውና እርጥበቱ ተባብረው ችግኙን ይጨርሱታል። ትናንት ቆሞ ያየሽው ችግኝ ጠዋት ግርጌው እንደ ክር ቀጥኖ ተጋድሞ ታገኚዋለሽ። ሻጋታ ነው፣ መድኃኒትም የለውም። ውኃ መቀነስና አየር እንዲያገኝ ማድረግ የተረፉትን ያድናል።

በረንዳሽ በየት በኩል እንደዞረ አልነገርሽኝም። ጤና አዳም በቀን ቢያንስ 5 ወይም 6 ሰዓት ቀጥተኛ ፀሐይ ይሻል። ወደ ደቡብ የዞረ በረንዳ ከመስከረም እስከ መጋቢት ጥሩ ፀሐይ ያገኛል፣ ምክንያቱም በእነዚያ ወራት ፀሐይ ወደ ደቡብ ታጋድላለች። ወደ ሰሜን የዞረው በበጋ ጥላ ነው፤ እዚያ የሚያድገው ጤና አዳም ቀጥኖ ይመዘዛል፣ ጠረንም አይኖረው። እንደዚያ ከሆነ ደረጃው ጋ ወይም ጣራ ላይ ቦታ ፈልጊለት።

ችግኙ ሲወጣ መጀመሪያ ሁለት ሞላላ ለስላሳ ቅጠል ነው የምታዪው። እነሱ የዘሩ ናቸው፣ አይሸቱም ማለት ይቻላል። አረም መስሏቸው የሚነቅሉት ሰዎች አሉ። ቀጥሎ የሚወጣው የተከፋፈለ ቅጠል ነው እውነተኛው። በጣትሽ ነካ አድርጊውና አሽቺው፤ ያን ጊዜ ጥርጣሬ አይቀርም። እውነተኛው ቅጠል አራት አምስት ሲሆን ወደ ትልቅ ዕቃ አዙሪው። 30 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ሸክላ ወይም የተቆረጠ 20 ሊትር ጀሪካን ለአንድ ሥር በቂ ነው። ሥሩ ላይ ያለውን አፈር አታራግፊ፣ ከነአፈሩ ትከዪው። መሬት ላይ ለሚተክል ሰው በመሀሉ ግማሽ ሜትር ያህል ይተው፤ ካደገ ከአንድ ሜትር ሊያልፍ ይችላል።

ከዚያ በኋላ ተይው። እውነቴን ነው። በቤት ውስጥ የሚሞተው ጤና አዳም አብዛኛው በእንክብካቤ ብዛት ነው የሚሞተው። ጣትሽን አፈሩ ውስጥ እስከ ሁለተኛው መታጠፊያ ስደጂ፤ ደረቅ ከሆነ አጠጪ፣ እርጥብ ከሆነ እለፊ። ቅጠሉ ከታች ጀምሮ ቢጫ እየሆነ ከረገፈ ብዙ ጊዜ ውኃ በዝቶበታል ማለት ነው፤ ጠማው ብለሽ እንዳትጨምሪበት። ከበሶብላ ጋር በአንድ ዕቃ አትትከዪው። ሁለቱን አንድ ላይ መትከል የሚወድ ሰው ብዙ ነው፣ ኩሽና ውስጥ ስለሚገናኙ። ግን በሶብላ ውኃ ይወዳል፣ ጤና አዳም ይጠላል። አንዱን ስታስደስቺ ሌላውን ትገያለሽ።

ተባይ ብዙ አይደፍረውም። ክሽክሽ ለጋው ጫፍ ላይ ሊሰፍር ይችላል፤ በውኃ ግፊት ማጠብ ይበቃል። አንድ እንግዳ ግን አለው። አንድ ቀን ቅጠሉ ላይ የወፍ ኩስ የሚመስል ነጭና ቡናማ ነገር ታያለሽ። ስትጠጊ ይንቀሳቀሳል። ትል ነው። ከፍ ሲል ቆዳውን ይለውጥና አረንጓዴ ይሆናል። በእንጨት ነካ ስታደርጊው ከጭንቅላቱ ጀርባ ቀይ ወይም ብርቱካንማ ሹካ መሳይ ቀንድ ያወጣና መጥፎ ጠረን ይለቃል። ሎሚና ብርቱካን ላይ የሚኖረው የትልቁ ቢራቢሮ ልጅ ነው። የተክሎቹን ዘመድነት በጠረናቸው ያውቃል። ትንሽ ችግኝ ከሆነ በአንድ ሁለት ቀን ይላጨዋልና ለቅመሽ አንሺው። ትልቅ ቁጥቋጦ ላይ ከሆነ እኔ እተወዋለሁ፤ ቢራቢሮው ያምራል። መርዝ መርጨት ግን አይታሰብም፣ ነገ ቡናሽ ውስጥ የምትጨምሪው ቅጠል ነው።

የመጀመሪያውን ቅጠል ለመቁረጥ ከወጣ በኋላ አራት አምስት ወር ጠብቂ። ቁመቱ አንድ ስንዝር ሲያልፍ ጫፉን ቀንጥቢው፣ ወደ ጎን ይሰፋል። ከዚያ በኋላ እንደፈለግሽ፣ ግን በአንድ ጊዜ ከሲሶው በላይ አትውሰጂ። በዓመት አንዴ፣ ፍሬው ካለቀ በኋላ፣ ከረከም አድርጊው። ቅጠል የሌለበት እንጨት የሆነውን የታችኛውን ክፍል አትቁረጪ፣ ከዚያ ላያቆጠቁጥ ይችላል። አራት አምስት ዓመት ሲሆነው ግርጌው እንጨት ይሆናል፣ ያረጃል። ያኔ ከራሱ ዘር ተኪው።

አበባው። ጥያቄሽ ደስ ብሎኛል፣ ምክንያቱም አብዛኛው ሰው አበባውን አያየውም። ቀረብ ብለሽ እዪው። ቢጫ ነው። መሀል ላይ የሚወጣው የመጀመሪያው አበባ አምስት ቅጠል አለው፤ ቀጥለው የሚፈኩት አራት አራት። የእያንዳንዱ ጠርዝ እንደ ዓይን ሽፋሽፍት ተተርትሯል። ውስጡ ያሉት የወንዴ ክሮች መጀመሪያ ወደ ውጭ ተጋድመው ይቀመጡና ተራ በተራ እየተነሱ መሀል ላይ ወዳለው የሴቴ ክፍል ይጠጋሉ፤ አንዱ ሲመለስ ሌላው ይነሳል። ጠዋት አይተሽ ከሰዓት ብትመለሺ አቀማመጣቸው ተለውጦ ታገኛለሽ። ቅጠሉን ደግሞ ወደ ብርሃን ከፍ አድርገሽ ተመልከቺው፣ በመርፌ የተበሳሳ ይመስላል። እነዚያ ነጠብጣቦች የዘይቱ ዕጢዎች ናቸው። ቡናሽን የሚያሸተውም ክንድሽን ያቃጠለውም ከዚያው ቅጠል ነው።

ይበላል ወይ? ይበላል፣ ልክ እንደ ቅጠሉ በጥቂቱ። ጣዕሙ ከቅጠሉ አይለይም፣ መራራነትም አለው። ሁለት ሦስት አበባ አይብ ላይ ብትበትኚ ያምራል። ከዚያ በላይ ግን ሰላጣ የሚሆን አበባ አይደለም። እንደውም እኔ ብሆን አበባውን እተወዋለሁ፤ አበባውን የቀጠፈ ሰው ፍሬ አያገኝም። ከጤና አዳም ደግሞ ኩሽና ውስጥ ትልቁ ፍሬው ነው።

ቅጠሉ የትኩስ ነው። ሲደርቅ ጠረኑ ይሸሻል፣ ስለዚህ አድርቆ ማስቀመጥ ትርፉ ድካም ነው። ለቡና ከጫፉ አንዲት ቅንጣቢ፣ በስኒው አንድ። ጀበናው ውስጥ አትክተቺው፣ መራራነቱ ይወጣል፤ ጀበናውም ለሚቀጥለው ሰው ይሸታል። ቡናው ከተቀዳ በኋላ ስኒው ላይ ጣል አድርጊና ትንሽ ቆይተሽ አውጪው። ለአይብ ቅጠሉን በጣም አድቅቀሽ ከጨውና ከትንሽ ነጭ ሽንኩርት ጋር ለውሺው። ዳጣ የምትሠሪ ከሆነ ከቃሪያው፣ ከዝንጅብሉ፣ ከነጭ ሽንኩርቱና ከበሶብላው ጋር ጥቂት ቅንጣቢ ይገባል። ሁልጊዜ አሳንሰሽ ጀምሪ። የበዛ ጤና አዳም ወጥ አይስተካከልም፣ ውኃ ብትጨምሪም መራራው አይለቅም።

ፍሬው ለበርበሬ ነው። ለዚህ አረንጓዴው ይሻላል፣ ለዘር ካልኩሽ ተቃራኒ። አረንጓዴ ሆኖ ሞላ ሲል ቀጥፈሽ ጥላ ላይ፣ ንፋስ በሚያገኘው ቦታ፣ ስስ አድርገሽ አስጪው። በፀሐይ ካደረቅሽው ግማሹ ጠረን ጣራው ላይ ይቀራል። ደርቆ በጣት ሲጫኑት ተሰባብሮ ካለቀ ጠርሙስ ውስጥ ክተቺው። ለአንድ ኪሎ ዛላ በርበሬ ከኮረሪማው፣ ከበሶብላውና ከአዝሙዱ ጋር አንድ የሾርባ ማንኪያ ይበቃል እላለሁ። እናትሽ የራሳቸው መስፈሪያ ካላቸው ግን የሳቸውን ያዢ፣ የቤት በርበሬ ላይ ባለሙያው ሌላ ነው።

መጋኛ፣ ብርድ፣ ሆድ ቁርጠት ሲባል ከነጭ ሽንኩርትና ከፌጦ ጋር ወቅጦ መዋጥ የተለመደ ነው። እኔ የአትክልት ባለሙያ ነኝ፣ ሐኪም አይደለሁም። ይህን ግን በልበ ሙሉነት እላለሁ፤ ቅመም በሚሆንበት መጠንና መድኃኒት ተብሎ በሚወሰድበት መጠን መካከል ሰፊ ልዩነት አለ። የሚጎዳው ሁለተኛው ነው። መድኃኒት የሚወስድ፣ የጉበት ወይም የኩላሊት ችግር ያለበት ሰው ሐኪሙን ሳይጠይቅ አይጠጣው።

ከአገር ውጭ ሆነው ይህንኑ ለሚጠይቁኝ አጭር ነገር ልበል። እስራኤል ያላችሁ ዕድለኞች ናችሁ፤ ይኸው ተክል ፔጋም እየተባለ በዱር ይበቅላል፣ አየሩም ይስማማዋል። አሜሪካና አውሮፓ ችግኝ መሸጫ ውስጥ ሩ በሚል ስም የሚሸጠው ግን ብዙ ጊዜ የኛው ሳይሆን ዘመዱ ነው። ሲያብብ አበባውን እዩት። የኛው ጠርዙ ረጃጅም ፀጉር አለው፣ የዘመዱ ሞገድ ሞገድ ወይም ጥርስ ጥርስ ነው። ዘመዱ በረዶ ይችላል፤ የኛው ጠንካራ ውርጭ አይወድም፣ ክረምቱን ቤት ውስጥ መስኮት ሥር ይክረም። ዘር በሻንጣ ይዞ መሄድ የየአገሩን ፈቃድ ይጠይቃል፣ ከመጫናችሁ በፊት አጣሩ።

ለአንቺ ቤት ሁለት ሥር ከበቂ በላይ ነው። አንዱን ለፍሬ ተይው፣ ከሌላው ለቡና ቀንጥቢ። ከእናትሽ ጓሮ የምታመጪውን ዘር አንድ ጊዜ ላይ ሁሉንም አትዝሪው። ግማሹን ወረቀት ውስጥ ጠቅልለሽ፣ የተለቀመበትን ወር ጽፈሽበት፣ ደረቅና ጨለማ ቦታ አስቀምጪ። እስከ ሁለት ዓመት ይሠራል፤ ትኩሱ ግን ሁልጊዜ ይሻላል። አሁን በረንዳሽ ላይ የመርካቶው ዘር ያለበትን አፈር አሸዋና ኮምፖስት ጨምረሽበት አዲሱን ዝሪበት፣ የመርካቶውን መጠበቁን ተይው።